ስምንት ሰው የሚይዝ የፖከር ጠረጴዛ፦ ጨርቁን በኮላ አትለጥፈው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። አልፎ አልፎ አርብ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቤዝመንት ውስጥ ፖከር እንጫወታለን። ስምንት ነን። የምግብ ጠረጴዛ ላይ መጫወት ሰልችቶናል፤ ካርታው አልነሳ ይላል፣ ቺፑ (የመወራረጃው ክብ ፕላስቲክ) ይንኳኳል። አንድ ጠረጴዛ ራሴ ልሠራ ነው። ያሰብኩት ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) 48 ኢንች የሆነ ስምንት ማዕዘን ቆርጬ፣ ፌልት የሚባለውን አረንጓዴ ጨርቅ በሚረጭ ኮላ ለጥፌበት፣ ዙሪያውን ስፖንጅና ቆዳ አልብሼ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የብርጭቆ ቀዳዳ አውጥቼ፣ ከሥር ኤልኢዲ መብራት ላስገባ ነው። ጋራዥ ውስጥ ጨርሼ ወደ ቤዝመንት አወርደዋለሁ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የሚታረም ነገር ካለ ንገረኝ።»

መልስ፦ የሚታረም አለ፤ ብዙ ነው። ከዘረዘርከው ውስጥ እኔ እንዳለ የምተወው የዙሪያውን ስፖንጅና ቆዳ ብቻ ነው። ቅርጹም፣ እንጨቱም፣ ጨርቁም፣ ኮላውም፣ የብርጭቆው ቀዳዳም መለወጥ አለባቸው። ምክንያቱን አስረዳሃለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ያዝልኝ። የፖከር ጠረጴዛ ጨርቅ አላቂ ነው። ይቆሽሻል፣ ይሳሳል፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ወይን ይደፋበታል። ስለዚህ ጠረጴዛው ከመጀመሪያው ተፈትቶ ጨርቁ እንዲቀየር ተደርጎ መሠራት አለበት። አንተ ያሰብከው ጠረጴዛ አይፈታም። ጨርቁ ያለቀ ቀን ጠረጴዛውም አለቀ ማለት ነው።

ከቅርጹ ልጀምር። ስምንት ሰው ስለሆናችሁ ስምንት ማዕዘን ልክ ይመጣል ብለሃል። ሜትር ይዘህ ለካው። ከጎን እስከ ጎን 48 ኢንች የሆነ ስምንት ማዕዘን አንዱ ጎኑ 20 ኢንች እንኳ አይሞላም። አንድ አዋቂ ሰው ክርኑን አሳርፎ፣ ቺፑን ከፊቱ ደርድሮ፣ ጎረቤቱን ሳይገፋ ለመቀመጥ ወደ 24 ኢንች ይፈልጋል። ጎኑ 24 ኢንች እንዲደርስ ጠረጴዛው 58 ኢንች መሆን አለበት። ፕላይውድ ደግሞ የሚሸጠው 4 ጫማ በ8 ጫማ ሆኖ ነው፤ ስፋቱ 48 ኢንች ላይ ያበቃል። መቀጠል ግድ ሊሆንብህ ነው። መሃል ላይ ቅጥል ያለው የካርታ ጠረጴዛ ደግሞ የቱንም ያህል ብታለሰልሰው መስመሩ በጨርቁ ሥር በእጅ ይታወቃል። ክብ ላድርገው ካልክም 48 ኢንች ክብ ስድስት ሰው ነው የሚይዘው። ለስምንት ይጠባል።

ለእናንተ የሚሆነው ሞላላ ነው። ርዝመቱ 84 ኢንች፣ ስፋቱ 42 ኢንች። ሁለት ጫፉ ግማሽ ክብ፣ መሃሉ ቀጥ ያለ። ዙሪያው 216 ኢንች ገደማ ይመጣል። ለስምንት ሰው ስታካፍለው ለአንዱ 27 ኢንች ይደርሰዋል። ዘጠነኛ እንግዳ ቢመጣም 24 ኢንች አያጣም። 96 በ44 የሆነውን ትልቁን እንዳታስበው። እሱ አሥር ሰው ይይዛል፤ ግን ካርታ የሚያድለው ሰው ለዳርና ዳር ሰዎች ባደለ ቁጥር ከወንበሩ መነሳት ይኖርበታል። 42 ኢንች ያልኩህ ሌላም ምክንያት አለው። ለክንድ ማሳረፊያው የምታለብሰው ቪኒል (ሰው ሠራሽ ቆዳ) አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 54 ኢንች ነው። 42 ኢንች የሆነ ጠረጴዛ ከግራም ከቀኝም የሚታጠፈው ተጨምሮበት በአንድ ወጥ ቪኒል ይሸፈናል። ስፌት አያስፈልግህም።

አሁን ደረጃህን ሂድና እየው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠርቶኝ ቤቱ ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ የሠራው ጠረጴዛ በጣም ያምራል። ቆዳው አንድ መጨማደድ የለበትም። ወደ ቤዝመንት የሚወርደው ደረጃ ግን መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ጠረጴዛው እዚያ ማጠፊያ ላይ ደርሶ ቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልል አለ። ግድግዳው ተፋቀ፣ ቪኒሉ በደረጃው መደገፊያ ተቀደደ። በመጨረሻ አግድም አስይዘነው በመጋዝ ለሁለት ቆረጥነው። ሰውየው መጋዙ ሲጀምር ፊቱን አዙሮ ቆመ። ያንን ቀን ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ብዙ ቤዝመንት ጣሪያው 7 ጫማ ነው፤ ያ ማለት 84 ኢንች ነው። የጠረጴዛህን ልክ ያህል ማለት ነው። አቁመህ ላዙረው ብትል ቦታ የለህም። ስለዚህ አንድም እንጨት ሳትገዛ ከትልቅ የፍሪጅ ካርቶን 84 በ42 ቁረጥ። አንድ ጓደኛህን ያዝና በደረጃው አውርደው። ካርቶኑ ሳይታጠፍ ከወረደ ጠረጴዛውም ይወርዳል። ካልወረደ ርዝመቱን ቀንስ፤ ወይም ገበታውን መሃል ላይ ለሁለት ከፍለህ በብሎን የሚያያዝ አድርገው። የቅጥሉ መስመር በእጅ ቢታወቅም ከናካቴው ካለመግባት ይሻላል።

እንጨቱን በተመለከተ ኤምዲኤፍ ተው። ፊቱ ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው። ግን ከባድ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቪቴም ሆነ የስቴፕለር ሽቦ አጥብቆ አይዝም፣ ውሃ ከገባበት ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል። ያበጠ ኤምዲኤፍ አይመለስም። ቺፕውድ ከዚያም የባሰ ነው። የሚያስፈልግህ ሦስት አራተኛ ኢንች ፕላይውድ ነው፤ አገር ቤት ኮምፔንሳቶ የምንለው። ሁለት ቅጠል፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ጣውላ፣ ይበቃሃል። ባልቲክ በርች ጥሩ ነው ብሎ ሰው ይመክርህ ይሆናል። ጥሩ መሆኑ አያከራክርም፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው 5 ጫማ በ5 ጫማ ሆኖ ስለሆነ 84 ኢንች አይወጣልህም። ተራ የበርች ፊት ያለው ፕላይውድ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። ሱቅ ውስጥ ቅጠሉን በጠርዙ አቁመህ በአንድ ዓይንህ ርዝመቱን እይ። የጎበጠውን ተወው። ቤት ስታደርስም ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፤ በሁለት ሳምንት ይቆለመማል። መሬት ላይ አጋድመው፤ ከተቻለ ቤዝመንቱ ውስጥ ጥቂት ቀን ይሰንብትና የቤቱን እርጥበት ይልመድ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ቅጠል ሙሉውን ሞላላ ትቆርጣለህ። ይህ ገበታው ነው፤ ጨርቁ የሚወጠረው እዚህ ላይ ነው። ከሁለተኛው ቅጠል ተመሳሳይ ሞላላ ትቆርጥና ውስጡን አውጥተህ 5 ኢንች ስፋት ያለው ቀለበት ታስቀራለህ። ይህ ክንድ ማሳረፊያው ነው። ቀለበቱ በገበታው ላይ ይቀመጥና ከሥር በስምንት ብሎን ይታሰራል። ጨርቅ መቀየር ስትፈልግ ስምንቱን ብሎን ትፈታለህ፣ ቀለበቱን ታነሳለህ፣ አበቃ።

የሞላላው አቆራረጥ ያስፈራል እንጂ ከባድ አይደለም። ቅጠሉ መሃል ላይ ረጅም መስመር አስምር። በመስመሩ ላይ በ42 ኢንች የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ምረጥ። በየነጥቡ ምስማር ምታ። ቀጭን የፕላይውድ ቁራጭ ራውተሩ (በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቆርጠው የእጅ ማሽን) ላይ አስረህ ሌላውን ጫፍ ምስማሩ ላይ አስገባው። 21 ኢንች ላይ ሲዞር ግማሽ ክቡ ይወጣልሃል። ቀለበቱ ላይ የውስጠኛው ደግሞ 16 ኢንች ነው። ቀጥ ያለውን ክፍል በቀጥታ ማስመሪያ እንጨት እየተመራህ ቁረጥ። በአንድ ጊዜ እስከ ታች አትቁረጥ። ሩብ ኢንች፣ ሩብ ኢንች እያልክ በሦስት ዙር ጨርሰው፤ አለዚያ መቁረጫው ይቃጠላል፣ እንጨቱም ይጠቁራል። የውጭውን ዙሪያ ስትቆርጥ ራውተሩን ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ግፋው። ሁልጊዜ የውጭውን አስቀድም። የውስጡን መጀመሪያ ከቆረጥከው ምስማሩ ያለበት እንጨት ይላቀቅና መሪ ታጣለህ። የውስጡን የመጨረሻ ዙር ከመቁረጥህ በፊትም የሚወጣውን እንጨት ከሥሩ ካነጠፍከው የማይፈለግ ጣውላ ጋር በቪቴ እሰረው። በጂግሶ (በኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ) ብቻ ልቁረጠው ካልክ ይቻላል፤ ግን መስመሩ ይወላገዳል፣ ወልጋዳው ደግሞ ቆዳ ሲለብስ ጎልቶ ነው የሚታየው።

ብሎኑን እንጨቱ ገና ራቁቱን ሳለ ጨርስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገበታውንና ቀለበቱን ደራርበህ በሞርሳ ያዛቸውና ስምንቱን ቀዳዳ በአንድ ላይ በትራፓን ብሳቸው። ከቀለበቱ የላይኛው ፊት በኩል ቲ-ነት (እንጨቱን በጥርሱ የሚነክስ የብሎን ነት) በመዶሻ አስገባ። ይህ ነት በኋላ በስፖንጅና በቆዳ ይሸፈናል፤ ያኔ ልታስተካክለው አትችልም። ሁለቱ ጣውላ አንድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ነው። ብሎኑም አንድ ኢንች ተኩል ይሁን። ከዚያ የረዘመ ብሎን ስፖንጁን ወግቶ ያልፍና አንድ ማታ የአንዱን ሰው ክርን ያገኛል። በገበታውና በቀለበቱ ላይ የሚገጥም ቀስት በእርሳስ አስምር። ቀዳዳው በዓይን እኩል ቢመስልም ቀለበቱን አዙረህ ስታስቀምጠው አይገጥምም።

ከቀለበቱ ውስጥ የወጣውን እንጨት አትጣለው። 74 በ32 ኢንች ነው፤ እግርህ ከእሱ ይወጣል። 20 ኢንች ስፋት፣ 26 ኢንች ተኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሳንቃዎች ቁረጥ። የሚያያይዛቸው አግዳሚ ደግሞ ከቅጠሉ ጫፍ ከሚተርፈው 12 ኢንች ስፋት ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ 48 ኢንች ርዝመት አለው፣ ለሁለቱ እግሮች ርቀት ልክ ነው። ከየሳንቃው ሥር 28 ኢንች ርዝመት ያለው ሁለት በአራት እንጨት በአግድሙ አስቀምጥለት። እግሩ ሲሰፋ ጠረጴዛው አይንገዳገድም። እንዲህ ሲሠራ መጫወቻው ፊት ከመሬት 29 ኢንች፣ ክንድ ማሳረፊያው 30 ኢንች ተኩል ላይ ይውላል። መቀመጫው 18 ኢንች ለሆነ ተራ ወንበር ልክ ነው፤ ለጉልበትም በቂ ቦታ አለ። እግሩን ከገበታው ጋር የምታያይዝበት ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል የሆነ እንጨት ከሆነ ቪቴው 2 ኢንች ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጨርቁ ይጠጋል። የሚታጠፍ የብረት እግርም ይሸጣል። ጠረጴዛውን በየጊዜው አጥፈህ የምታነሳ ከሆነ ውሰደው። ቤዝመንት ውስጥ ቋሚ ከሆነ ግን አልመክርህም፤ ሰው ክንዱን ሲጥልበት ይነቃነቃል፣ ቺፕ ይናዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጫፉ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ። ገበታው በሁለቱም ጫፍ ከእግሩ ወደ 18 ኢንች ያልፋል። ክንድ ይችላል፤ ሙሉ ሰው ግን አይችልም።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። ጠረጴዛው እንዲወደድ ወይም እንዲጠላ የሚያደርገው ይህ ነው። ከእደ ጥበብ ሱቅ የሚገዛው ፌልት የተሸመነ አይደለም። ክሩ ተጨፍልቆ የተያያዘ ነው። ስትወጥረው ይለጠጣል፣ ግን አይመለስም። ካርታ ዘወትር የሚያርፍበት ቦታ እንደ አሮጌ ሹራብ ፍሬ ፍሬ ያወጣል። ካርታውም ይያዝበታል። አንተ የምትፈልገው ስፒድ ክሎዝ የሚባለውን ነው። የተሸመነ ፖሊስተር ነው፤ ካርታ ሲወረወርበት እንደ በረዶ ላይ ይንሸራተታል። ላዩ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ነው። የፈሰሰ ውሃ ለጊዜው እንደ ጤዛ ይንከባለላል፤ ያኔ በደረቅ ጨርቅ ቶሎ ከጠረግከው አይገባም። ከቆየ ግን ይገባል። 3 ያርድ ግዛ። ቀለሙ አረንጓዴ መሆን የለበትም። ጠቆር ያለ ሰማያዊም ቡናማ ቀይም ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ካርታው ጎልቶ እንዲታይ ነው፤ ስለዚህ ትልልቅ ጽሑፍና ሥዕል የበዛበትን አትውሰድ።

ከጨርቁ ሥር ፎም ያስፈልጋል። ካርታ ከደረቅ እንጨት ላይ ሲነሳ ጥፍር ይፈልጋል። የምግብ ጠረጴዛው ያስቸገራችሁም ለዚህ ነው። ፎም ካለ ጣትህ ትንሽ ይሰምጥና የካርታውን ጠርዝ ያገኘዋል። የሶፋ ስፖንጅ ግን እንዳትጠቀም። ለስላሳ ስለሆነ የቺፕ ክምር ይንጋደዳል። ሱቅ ስትገባ ሩብ ኢንች ክሎዝድ-ሴል ፎም ብለህ ጠይቅ። በመዳፍህ ስትጫነው ወዲያው የሚመለስ፣ በጥፍርህ ስትጫነው ምልክት የማይዝ ነው።

የሚረጨው ኮላህ ለዚህ ብቻ ይውላል፤ ፎሙን ከገበታው ጋር ለማያያዝ። ከመርጨትህ በፊት ገበታውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ፣ በቫኪዩም ጠርገህ፣ በመጨረሻ ባዶ መዳፍህን ከዳር እስከ ዳር አሳልፍበት። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የእንጨት ፍርፋሪ በፎም ሥር ከቀረች ካርታ በተወረወረ ቁጥር እሷ ላይ ይዘላል። ፎሙን የምትቆርጠው በገበታው ልክ ሳይሆን በቀለበቱ የውስጥ ልክ ነው። ያኔ ቀለበቱ በፎም ላይ ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ያርፋል። ከፎሙ ፊት ሩብ ኢንች ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ካርታም ቺፕም ከሥሩ መግባት አይችልም። ብዙ ቤት ውስጥ የተሠሩ ጠረጴዛዎች ላይ ካርታ በቀለበቱ ሥር ሾልኮ ሲጠፋ አይቻለሁ። ምክንያቱ ይህን አለማድረጋቸው ነው።

ጨርቁ ላይ ግን ኮላ አይነካም። ይህን የምለው ራሴ ስለቀመስኩት ነው። መጀመሪያ በሠራሁት ጠረጴዛ ጨርቁን በኮላ ለጠፍኩት። ለሁለት ሳምንት ያማረ ነበር። ከዚያ መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጥላ ወጣ። ኮላው በጨርቁ ውስጥ አልፎ ወጥቶ አቧራ ይዟል። ልላጠው ስል ፎሙ ከጨርቁ ጋር እየተቦጨቀ መጣ። ሁሉንም አውጥቼ እንጨቱን እስከ ፊቱ ድረስ ፋቅኩት። ባለቤቱ ታግሶኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጨርቅ በኮላ ለጥፌ አላውቅም።

ጨርቅ ይወጠራል እንጂ አይለጠፍም። ሁለት ሰው ሁኑ። ጨርቁን በፎሙ ላይ ዘርጉት፤ ሽመናው ወይም ጌጡ ከገበታው ረጅም መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ገበታውን ገልብጡና ከሥር በስቴፕለር ምቱ። መጀመሪያ የረጃጅሞቹ ጎኖች መሃል፣ ፊት ለፊት። ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎች። ከዚያ በየመሃሉ እየከፈላችሁ ሂዱ። ከአንድ ወገን ጀምሮ መዞር አይሆንም፤ መጨረሻ ላይ የተረፈው ጨርቅ የሚሄድበት ያጣና ይጨማደዳል። ክቡ ጋ ስትደርሱ ከሥር በኩል ጥቃቅን እጥፋት እያደረጋችሁ አስተኙት። ልኩን የምታውቀው እንዲህ ነው፤ ገልብጠህ መዳፍህን ስትጎትትበት ፊት ለፊቱ የሚሸሽ ሞገድ ከሌለ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከወጠርከው ጌጡ ይጣመማል።

ቀለበቱን ስታለብስ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የእንጨቱን የላይኛውን ጠርዝ በውስጥም በውጭም አክብበው። ስል ጠርዝ ቪኒልን ከሥሩ ይበላዋል። አንድ ኢንች ጠንካራ ስፖንጅ ለጥፍበት። ቪኒሉን አንድ ወጥ አድርገህ በሙሉ ዘርጋ። መሃሉን ገና አትክፈተው። መጀመሪያ የውጭውን ዙሪያ እንዳለ ጎትተህ ከሥር ምታው። ከዚያ ነው መሃሉን የምትከፍተው፤ ለመጎተቻ አራት አምስት ኢንች አስቀርለት። የውስጡ ክብ ላይ ቪኒሉ አልመጣም ይልሃል። በመቀስ ስንጥቅ ታወጣለታለህ፤ ስንጥቁ ግን ከእንጨቱ ጠርዝ ግማሽ ኢንች ሲቀረው መቆም አለበት። አንዲት መቀስ ካለፈች እንጨቱ ይታያል፣ ቪኒሉም ተበላሸ። በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ስታደርገው ይለጠጥልሃል። ስትገዛም ጀርባው የሚለጠጠውን ምረጥ። ይህን ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይገዛና ክቡ ላይ መጨማደዱን ማጥፋት ያቅተዋል።

የብርጭቆ ቀዳዳ አታውጣ። ቀለበቱን አልፎ ገበታውንም መብሳት ይኖርብሃል። ያኔ ጨርቁን በቀየርክ ቁጥር ስምንት ቀዳዳ እንደገና ልትቆርጥበት ነው። ብርጭቆውም ከክንድና ከካርታ አጠገብ ይሆናል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር የሚገፋ የብርጭቆ መያዣ ይሸጣል፤ እሱን ግዛ። ወይም በየሁለት ሰው መሃል ትንሽ ጠረጴዛ አኑር። ምግብን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ጨዋታ ላይ ምግብ አይቅረብ። ያ ጨርቅ ቢራ ይችላል። ቅቤ የነካ ጣት ግን አይችልም። ክትፎ በልቶ ካርታ የያዘ እጅ ያሳረፈው ምልክት በሳሙናም ሙልጭ ብሎ አይለቅም። ጠረጴዛውን ለምግብም እፈልገዋለሁ ካልክ ከግማሽ ኢንች ፕላይውድ በሁለት ክፍል ክዳን ሥራለት፤ ቀለበቱ ላይ የሚያርፍ። አስቀድመህ ፌልቱን ገዝተህ ከሆነ አትጣለው። ለክዳኑ ሥር ይሆናል፤ እዚያ ኮላም ይችላል።

መብራቱን ከሥር አታድርገው። ጉልበት ነው የሚያበራው። ከጠረጴዛው በላይ የሚንጠለጠል፣ ነጸብራቁ ካርታ ላይ የማያርፍ መብራት ይበልጣል። ገመድ በሰው እግር መሃል አለመኖሩ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሁለት አደጋዎችን ሳልነግርህ አላልፍም። የሚረጭ ኮላ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው። ብዙ ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ፤ የአንዳንዱ ነበልባል ሁልጊዜ ይበራል። ኮላውን ደጅ ርጭ። ደጅ ካልተመቸህ ጋራዡን በደንብ ከፍተህ፣ እዚያም ማሞቂያ እንደሌለ አረጋግጠህ። ሁለተኛው አቧራው ነው። ራውተር ሲሠራ መነጽርና ማስክ ግዴታ ነው፤ ጆሮህንም ሸፍን።

ስለ ሕጉ ባትጠይቀኝም አንድ ነገር ልበል። ቨርጂንያ ውስጥ በግል መኖሪያ ቤት የሚደረግ የዕድል ጨዋታን ሕጉ አይከለክልም፤ ቤቱ ዘወትር ለዚህ የሚውል ካልሆነና ጨዋታውን እንደ ሥራ የሚያካሂድ ሰው ከሌለ። ስለዚህ የጠረጴዛ ወጪ ነው ብለህ ከቁማሩ ላይ ድርሻ አትቁረጥ። ለጠረጴዛው ማዋጣት ከፈለጋችሁ ከሥራው በፊት አዋጡ፤ ከጨዋታው ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። ቤትህ የዘወትር መጫወቻ እየሆነ ከመጣ ደግሞ በየተራ በየቤታችሁ አድርጉት፣ ወይም የሕግ ባለሙያ ጠይቅ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሌላ አማራጭ አልሰጥህም። 84 በ42 ሞላላ፣ ሁለት ቅጠል ሦስት አራተኛ ኢንች ፕላይውድ፣ በብሎን የሚፈታ ቀለበት፣ ሩብ ኢንች ክሎዝድ-ሴል ፎም፣ በስቴፕለር የተወጠረ ስፒድ ክሎዝ። ጋራዥ ውስጥ ቁረጥ፣ ብሳ፣ ራቁቱን ገጣጥመህ እየው፣ ፎሙንም እዚያው ለጥፍ። ከዚያ ፈትተህ በየክፍሉ አውርደው። ሙሉው ከ40 ኪሎ በላይ ይመጣል፤ ተፈትቶ ግን ገበታው ብቻውን ከ25 ኪሎ አይበልጥም፣ ሁለት ሰው ያለ ችግር ይይዘዋል። ጨርቁንና ቪኒሉን ቤዝመንቱ ውስጥ አልብስ። በደረጃ ላይ የሚቀደድ ነገር አይኖርህም።

ጨርቁን ስትገዛ ሌላ 3 ያርድ ጨምር። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቀለም ስትፈልገው ሊያልቅ ይችላል። አጥፈህ አታስቀምጠው፣ እጥፋቱ መስመር ሆኖ ይቀራል። በካርቶን ጥቅል ላይ ጠቅልለህ አኑረው። ጨርቁን መትተህ ስትጨርስ፣ ገበታውን መልሰህ ከመገልበጥህ በፊት፣ ከሥሩ በማርከር የብሎኑን መጠን፣ የፎሙን ውፍረትና ጨርቁ የተለበሰበትን ቀን ጻፍ።